ሉድቪግ ፕራንትልና ከግድግዳ የሚላቀቀው ነፋስ

በጄት አይሮፕላን ተሳፍሮ ክንፉን ከላይ የሚያሳይ መስኮት የደረሰው ሰው፣ ዐይኑን ከደመናው መልሶ ክንፉን ቢመለከት፣ በብዙዎቹ አይሮፕላኖች ላይ አንድ እንግዳ ነገር ያያል። በለሰለሰው ብረት ላይ ከጣት የማይረዝሙ ስስ ብረቶች እንደ ዓሣ ክንፍ ቆመው፣ አንዱ ካንዱ ጥቂት እየራቀ፣ ሁሉም ወደ ጎን ዘንበል ብለው ተሰልፈዋል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ዕለት መካኒኮች ሲወጡ እንዳያንሸራትታቸው የተተከሉ መስሎኝ ነበር። ክንፉን እንደ መስተዋት ለማለስለስ ያን ያህል ገንዘብ ካፈሰሱ በኋላ ለምን መልሰው እሾኽ ይተክሉበታል?

ነገሩን ለአንድ የአምስት ኪሎ ጓደኛዬ ብጠይቀው ስማቸው ቮርቴክስ ጄኔሬተር፣ ማለትም አዙሪት ፈጣሪ፣ መሆኑንና ነፋሱ ከክንፉ እንዳይላቀቅ የሚያደርጉ መሆናቸውን ነገረኝና ሳቀ። መሣቁ አያስቀይምም፤ እኔ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ነኝ፣ ሂሳብ የሚባለውንም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጋራ ተሰናብቼዋለሁ። ነገር ግን ነፋስ ከክንፍ ተላቀቀ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ስከታተል ከብረቶቹ ይልቅ አንድ ሰው ላይ ደረስሁ። ሰውዬው እነዚህን ብረቶች አልሠራቸውም። ነገር ግን እሱ ባይኖር ኖሮ ለምን እንደሚያስፈልጉ የሚያስረዳ አይገኝም ነበር። እነሆ ታሪኩን ለጓደኞቼ አቀርባለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሉድቪግ ፕራንትል በ1875 ዓ.ም. በየካቲት ወር በጀርመን አገር፣ በባቫርያ ክፍል፣ ፍራይዚንግ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በአቅራቢያው በነበረው የእርሻ ትምህርት ቤት የምሕንድስና መምህር ነበር። እናቱ ሕመምተኛ ስለ ነበረችና ወንድምና እኅት ስላላደገለት፣ ልጁ ጊዜውን የሚያሳልፈው ከአባቱ ጋራ ነበር። አባትየው የውሃውን አወራረድና የማሽኑን አሠራር እያሳየ ያየውን ነገር ምክንያት እንዲፈልግለት ያስለምደው ነበር። ይህ ልማድ በኋላ አልለቀቀውም፤ ፕራንትል ነገሩን በዐይኑ ሳያይ ቀመር የሚጽፍ ሰው አልነበረም።

በሙኒክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በአውጉስት ፎፕል እጅ ተማረ። በ1900 ዓ.ም. የዶክትሬት ማዕርግ ያገኘበት ጽሑፍ ስለ ነፋስም ስለ ውሃም አልነበረም፤ ስስ የሆነ ወጋግራ ሸክም ሲበዛበት ወደ ጎን እንዴት እንደሚጠመዘዝ ነበር። ወደ ነፋስ ያስገባው እንጀራ ፍለጋ ነው። በኑርንበርግ ከተማ በአንድ ትልቅ የማሽን ፋብሪካ ተቀጠረና ፍቅፋቂና ብናኝ የሚስበውን መሣሪያ እንዲያሻሽል ታዘዘ። መሣሪያው ቧንቧ ነው። አንዱ የቧንቧ ክፍል እየሰፋ የሚሄድ ነበር፤ በመጽሐፍ እንደ ተጻፈው ከሆነ አየሩ በሰፊው ክፍል ፍጥነቱን እየቀነሰ ግፊቱ ከፍ ማለት ነበረበት። ሆኖም ግፊቱ የተጠበቀውን ያህል ከፍ አላለም፤ አየሩ የሚሰፋውን ግድግዳ መከተል ትቶ በመካከል እንደ ጅራፍ ቀጥ ብሎ አለፈ። ፕራንትል መሣሪያውን በሌላ ዘዴ አስተካክሎ ፋብሪካውን አስደሰተ። አየሩ ግድግዳውን ለምን እንደ ተወው ግን አእምሮው ውስጥ ቀረ።

በዚያ ዘመን የፈሳሽ ሳይንስ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የሂሳብ ሊቃውንቱ ፍትጊያ የሌለበት ፈሳሽ አስበው የሚያምር ቀመር ይጽፉ ነበር፤ በቀመራቸው መሠረት ግን በነፋስ ውስጥ የቆመ ኳስ ነፋሱ ምንም አይገፋውም። ይህ ሐሰት መሆኑን በክረምት ጃንጥላ ይዞ የወጣ ሁሉ ያውቃል። መሐንዲሶቹ ደግሞ ቀመሩን ንቀው በልክና በግምት ይሠሩ ነበር። በ1901 ዓ.ም. ፕራንትል በ26 ዓመቱ የሐኖቨር ቴክኒክ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሲሆን ሁለቱንም ወገኖች የሚያውቅ ሰው ነበረ።

መልሱን ያቀረበው በነሐሴ 1904 ዓ.ም. በሃይድልበርግ ከተማ በተደረገው የዓለም የሂሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ነው። የተሰጠው ጊዜ 10 ደቂቃ ነበር፤ በኋላ የታተመው ጽሑፍም 8 ገጽ ነው። (ሃምሳ ገጽ የተርም ፔፐር ለምናመጣ ሰዎች ይህ ያሳፍራል።) የተናገረው ነገር ባጭሩ ይህ ነው። አየር ወይም ውሃ በአንድ አካል አጠገብ ሲያልፍ ከአካሉ ጋራ የሚነካካው ክፍል ጨርሶ አይንቀሳቀስም፤ ይጣበቃል። ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለው በዝግታ ይሄዳል፤ ከዚያም ከፍ ያለው ይፈጥናል፤ ጥቂት ርቀት ከተኬደ በኋላ ግድግዳው መኖሩን የማያውቀው ነጻ ጅረት ይገኛል። ፍትጊያ የሚሠራው በዚህ ስስ የዳር ሽፋን ውስጥ ብቻ ነው። ከሽፋኑ ውጭ የሂሳብ ሊቃውንቱ ቀመር ትክክል ነው፤ በሽፋኑ ውስጥ ግን ሌላ ሕግ አለ።

ታዲያ መላቀቅ ከየት መጣ? ግፊት እየጨመረ በሚሄድበት ቦታ መጓዝ ለአየር ዳገት እንደ መውጣት ነው። በነጻው ጅረት ያለው አየር ፈጣን ስለ ሆነ ባለው ጉልበት ዳገቱን ይወጣዋል። በዳር ሽፋኑ ያለው ግን ጉልበቱን ፍትጊያ በልቶበታል፤ እንደ ደከመ አህያ እመካከል ይቆማል፤ ቀጥሎም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከኋላው የሚመጣው የቆመውን መጣስ ስለማይችል ከግድግዳው ተነስቶ በላዩ ያልፋል። ያን ጊዜ ጅረቱ በሙሉ ከአካሉ ተላቀቀ ማለት ነው፤ በሥሩም የሚሽከረከር የሞተ አየር ይቀራል። ክንፍ ላይ ይህ ሲሆን ክንፉ መሸከሙን ይቀንሳል፣ የነፋሱም ተቃውሞ ይበረታል። በኑርንበርግ ቧንቧ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነበር።

ፕራንትል ይህን በቃል ብቻ አልተወውም። በእጅ በሚዞር መንኮራኩር ውሃ የሚነዳበት ትንሽ ቦይ ሠርቶ፣ የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ማዕድን በውሃው በትኖ፣ የጅረቱን መንገድ ፎቶግራፍ አነሣ። በዚያው ጽሑፍ ላይ አንድ ሌላ ፎቶግራፍ አለ፤ ከሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ እሱ ነው። ክብ በሆነ አካል አንድ ጎን ላይ ስንጥቅ አበጅቶ የደከመውን የዳር ውሃ በስንጥቁ መጠጠው። በዚያ ጎን ጅረቱ ሳይላቀቅ አካሉን አቅፎ ዞረ። ስለዚህ የመላቀቅ ምክንያት በተነገረበት በዚያው ዕለት መድኃኒቱም አብሮ ተነግሯል። ከዚያ ወዲህ የመጡት መድኃኒቶች ሁሉ የደከመውን አየር ወይ ያስወግዱታል ወይ ጉልበት ይጨምሩለታል።

በአዳራሹ የነበሩት ሊቃውንት አብዛኞቹ የነገሩን ትልቅነት አላስተዋሉም። ያስተዋለው የጎቲንገኑ ፌሊክስ ክላይን ነበር። ክላይን በዚያው ዓመት ፕራንትልን ወደ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ አመጣው፤ ፕራንትልም በሐኖቨር ከነበረው ዝቅ ያለ ማዕርግ ተቀብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞቱ ድረስ፣ 49 ዓመት ያህል፣ ከዚያች ትንሽ ከተማ አልለቀቀም።

ስለ ጠባዩ የሚነገረው ብዙ ነው። ሲያስተምር አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ስሕተት እንዳይኖርበት ሲያርመውና ሲያጠብበው ስለሚውል ተማሪዎች ይሰለቹ ነበር ይባላል። ለማግባት ባሰበ ጊዜ ከመምህሩ ከፎፕል ሴቶች ልጆች አንዷን እንዲሰጡት ደብዳቤ ጽፎ የትኛዋን እንደ ሆነ ሳይገልጽ ቀረ፣ ቤተ ሰቡም መክሮ ታላቂቱን መረጠለት እየተባለ ይተረታል። እውነትም ተረትም ቢሆን ገርትሩድ ፎፕልን በ1909 ዓ.ም. አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆች ወልዷል።

በተማሪ ግን ታድሏል። ብላዚዩስ፣ ቴዎዶር ፎን ካርማን፣ አከሬት፣ ሁሉም ከእሱ ዘንድ ያለፉ ናቸው። አንዱ ተማሪ ሂመንትስ በውሃ ቦይ ውስጥ ክብ ዘንግ አቁሞ እንዲለካ ታዞ ነበር፤ ውሃው ግን ከዘንጉ በስተኋላ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ አስቸገረው። ዘንጉን አለሰለሰ፣ ቦዩን አስተካከለ፣ ውዝዋዜው አልቆመም። በየጠዋቱ ካርማን በዚያ ሲያልፍ ውሃው ቆመልህ ወይ እያለ ይጠይቀው ነበር፤ ልጁም እያዘነ አልቆመም ይለው ነበር። በመጨረሻ ካርማን ምናልባት ውዝዋዜው የውሃው የራሱ ሕግ ይሆናል ብሎ አሰበና በጥቂት ቀን ውስጥ ቀመሩን አገኘው። በዘንግ ኋላ ተራ በተራ የሚሰለፉት አዙሪቶች ዛሬ በካርማን ስም ይጠራሉ። ሂመንትስን ያስታወሰው ጥቂት ሰው ነው።

ወደ ትንንሾቹ ብረቶች የሚወስደን ግን የኳሱ ነገር ነው። ግንቡን የሠራው ፈረንሳዊው ኤፌል በእርጅናው ዘመን ነፋስ በማራገቢያ የሚነዳበት ሰፊ ዋሻ አሠርቶ የኳስን ተቃውሞ ለካ። ያገኘው ልክ ጎቲንገን ካገኘችው ከግማሽ በታች ሆነ፤ መጀመሪያ ጀርመኖቹ ኤፌል ተሳስቷል አሉ። ኤፌል ግን በ1912 ዓ.ም. እንደ ገና መርምሮ፣ ነፋሱ ከአንድ ፍጥነት ሲያልፍ ተቃውሞው ድንገት እንደሚወድቅ አሳየ። ፕራንትል ክርክሩን የጨረሰው በ1914 ዓ.ም. በአንድ ቀጭን ሽቦ ነው። ሽቦውን በኳሱ ፊት ለፊት ክፍል እንደ ቀለበት አሰረው። ማንኛችንም የኳሱ ልስላሴ ሲበላሽ ተቃውሞው ይጨምራል እንል ነበር፤ ተቃውሞው ግን ቀነሰ። ሽቦው የዳር ሽፋኑን አውኮት ነበር። የታወከ ሽፋን እንደ ተማሰለ ወጥ ነው፤ ፈጣኑ የላይ አየር ወደ ታች ይወርዳል፣ የደከመው ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ዳገቱን ርቆ ይወጣዋል፣ ከኳሱም የሚላቀቀው ዘግይቶ ነው። የጎልፍ ኳስ ጎድጓዳ ጠባሳ የሞላበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከ1918 እስከ 1919 ዓ.ም. ደግሞ የክንፍን ነገር በቀመር አስቀመጠ። ክንፍ የሚሸከመው ከሥሩ ያለው ግፊት ከላዩ ስለሚበልጥ ነው፤ በክንፉ ጫፍ ላይ የሥሩ አየር ወደ ላይ ዞሮ ስለሚያመልጥ ከየጫፉ በስተኋላ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ አዙሪት ይዘረጋል። እንግሊዛዊው ላንቸስተር ይህን ቀድሞ አስቦት ነበር፤ መሐንዲስ ሊያሰላበት በሚችል መልክ ያቀረበው ግን ጎቲንገን ነው። አንባቢ ሽቦውንና ይህን አዙሪት ልብ ይበልልኝ፤ ሁለቱ በኋላ ይገናኛሉ።

በ1933 ዓ.ም. ሂትለር ሥልጣን ያዘ፤ የጎቲንገንም ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት ውስጥ ባዶ ቀረ ማለት ይቻላል። ማክስ ቦርን፣ ኩራንት፣ ኤሚ ኖተር፣ ሁሉም በዘራቸው ምክንያት ተባረሩ። ፕራንትል የናዚ ፓርቲ አባል አልሆነም። ከረዳቶቹ አንዱን እንዳይባረር ለመከላከል ሞክሮ አልሆነለትም። የኤስ ኤስ ጋዜጣ ፊዚሲስቱን ሃይዘንበርግን ባጠቃው ጊዜም፣ በ1938 ዓ.ም. በአንድ ግብዣ ላይ ከሂምለር አጠገብ ተቀምጦ ስለ ሃይዘንበርግ ተከራከረለት፤ በኋላም ጽፎለታል፤ ሂምለርም ጥቃቱ እንዲቆም አደረገ። ይህ ድፍረት ነው፤ የሚካድ አይደለም።

ነገር ግን በዚያው ዓመት በበልግ ለወዳጁ ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለጂ. አይ. ቴይለር በጻፈው ደብዳቤ ላይ የአገሩን መሪና ሥራውን ደግፎ ተሟገተ። ቴይለር በትዕግሥት መለሰለት፤ በ1939 ዓ.ም. በጋ ግን ፕራንትል አሁንም በዚያው አቋሙ ጸንቶ ነበር። ባልደረቦቹ ሲባረሩ በዐይኑ ያየ ሰው ይህን እንዴት ይጽፋል? ለኢንስቲትዩቱ ገንዘብ የሚሰጠው የአየር ሚኒስቴር ነበር፤ ሕንጻው ሰፋ፣ ሠራተኛው በዛ፤ በ1942 ዓ.ም. ፕራንትል ራሱ የሚኒስቴሩ የምርምር አመራር ሊቀ መንበር ሆነ። አንዳንድ ሰዎች የፖለቲካ ነገር የማይገባው የዋህ ነበር ይላሉ። እኔ ይህን ለመቀበል ይቸግረኛል። ስለ ሃይዘንበርግ ለሂምለር መናገር የቻለ ሰው ምን መናገር እንደሚቻልና ለማን መናገር እንደሚያስፈልግ ያውቅ ነበር። የዋህ ከሆነም የዋህነቱ ለኢንስቲትዩቱ የሚመች የዋህነት ነበር።

በ1945 ዓ.ም. ጀርመን ስትሸነፍ አንድ የአሜሪካ ጦር መልእክተኛ ቡድን ጎቲንገን ገባ። ከቡድኑ መሪዎች አንዱ የቀድሞ ተማሪው ካርማን ነበር፤ የቡዳፔስት አይሁዳዊ ሲሆን ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ በካሊፎርኒያ ይኖር ነበር። ተማሪው የጦር ልብስ ለብሶ መምህሩን መረመረው። ካርማን እንደ ተረከው፣ እሱ ስለ እስረኞች ካምፖች እያሰበ ሲመጣ ፕራንትል የቤቱ ጣራ በቦምብ ስለ መጎዳቱ ያማርር ነበር። ካርማን የመምህሩን ሳይንስ እስከ መጨረሻ አከበረ፤ ያን ቀን ግን አልረሳውም።

እንግሊዞች የጎቲንገንን የነፋስ ዋሻዎች ነቅለው ወሰዱ። ፕራንትል በ70 ዓመቱ ወደ ሂሳቡ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ የአይሮፕላን ሰዎችን የሚያስጨንቃቸው አዲስ ነገር ነበረ፤ ይኸውም የድምፅ ፍጥነት ነው። ይህም ቢሆን ለፕራንትል አዲስ አልነበረም፤ በ1908 ዓ.ም. ተማሪው ማየር ከእሱ ጋራ ሆኖ ከድምፅ የሚቀድም ጅረት እንዴት እንደሚታጠፍ አስልቶ ነበር። አንድ አይሮፕላን ከድምፅ ፍጥነት ከመቶ ሰማንያ እጅ ያህል ቢበር፣ በክንፉ ጉብታ ላይ የሚያልፈው አየር ስለሚፈጥን ከድምፅ ይቀድማል። ከድምፅ የቀደመ አየር ፊቱ ምን እንዳለ የሚነግረው መልእክተኛ የለውም፤ የግፊት ወሬ የሚጓዘው በድምፅ ፍጥነት ነውና። ስለዚህ በቀስታ በመብረድ ፈንታ ሾክ በሚሉት ቦታ ላይ፣ ከወረቀት በሳሳ ርቀት ውስጥ፣ ድንገት ይገታል፤ ግፊቱም ባንድ ጊዜ ይዘላል። ቀድሞ ዳገት የነበረው አሁን ገደል ሆነ ማለት ነው። የዳር ሽፋኑ አየር ይህን መውጣት ሲያቅተው ከሾኩ ሥር ይላቀቃል፤ ሾኩም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዋልላል፣ ክንፉ ይንቀጠቀጣል፤ በክንፉ ጀርባ ያለው መሪ የሞተ አየር ውስጥ ስለሚገባ አብራሪው ቢያዞረው አይታዘዝም። አከሬት በ1946 ዓ.ም. በዙሪክ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋራ ያሳተመው ጥናት የሾክንና የዳር ሽፋንን መገናኘት በጥንቃቄ ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

መድኃኒቱ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1947 ዓ.ም. ቴይለር የሚባል የዩናይትድ ኤርክራፍት ኩባንያ መሐንዲስ (ከእንግሊዛዊው ቴይለር ጋራ ስማቸው ብቻ ነው የሚገናኘው) ብሩይነስ ከሚባል ባልደረባው ጋራ በሚሠራበት ጊዜ፣ አየር ከግድግዳ እንዳይላቀቅ ትንንሽ ብረቶችን አቁሞ ሪፖርት ጻፈ። ግድግዳው የምን ይመስላችኋል? እየሰፋ የሚሄድ ቧንቧ! ፕራንትል በኑርንበርግ ትቶት የሄደው ያው ቧንቧ ነው፤ ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። እያንዳንዱ ብረት ትንሽ ክንፍ ነው፤ ከነፋሱ አቅጣጫ 15 ዲግሪ ያህል ዘንበል ስለሚል ከጫፉ በስተኋላ ገመድ የመሰለውን የፕራንትልን አዙሪት ይዘረጋል። አዙሪቱ ፈጣኑን አየር ከላይ አውርዶ ለደከመው የዳር ሽፋን ያካፍለዋል፤ ሽቦው ለኳሱ ያደረገውን ያህል፣ ይልቁንም ርቆ በሚሄድ ኃይል። ብረቶቹ ከሾኩ ቦታ ቀደም ብለው ሲተከሉ አየሩ ጉልበት አግኝቶ ይደርሳልና ገደሉን ይሻገረዋል። ቁመታቸው የዳር ሽፋኑን ውፍረት ያህል ነው፤ ከዚያ ቢረዝሙ ራሳቸው ሸክም ይሆናሉ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ከሽፋኑ ግማሽ በታች ያጠሩትም እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ዋጋ ግን አላቸው፤ በማያስፈልጉበት ሰዓትም ነፋሱን ይጎትታሉ። ስለዚህ የሚተከሉት መሐንዲሱ ሌላ መላ ሲያጣ ነው ብሎ የአምስት ኪሎው ጓደኛዬ ይቀልዳል።

ቢ 47 በሚባለው በስድስት ጄት ሞተር በሚበረው የቦይንግ ቦምብ ጣይ ክንፍ ላይ እነዚህ ብረቶች ተሰልፈው ነበር፤ ከዚያም ወደ መንገደኛ አይሮፕላኖች ተላለፉ። ፕራንትል ግን በነሐሴ 15 ቀን 1953 ዓ.ም. በጎቲንገን በ78 ዓመቱ ሞተ። የኖቤል ሽልማት አልተሰጠውም።

ለጓደኛዬ ስለ ቴይለር ደብዳቤዎች ስነግረው አልሰማም ነበር። የሙቀት ትምህርት ፈተና ላይ የፕራንትል ቁጥር የሚባለውን ሁልጊዜ እንደሚጽፍ፣ ሰውዬው ግን የት አገር እንደ ኖረ እንኳ ጠይቆ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ በእርሳስ የክንፍ ሥዕል ሣለልኝና ሾኩ የት ላይ እንደሚቆም አሳየኝ።